የቤተ ክርስቲያን ደኖችን በሳተላይት መለካት፦ ካብ ለውጥ ያመጣል?

ጥያቄ (ጉና)
ሰላም ለሁላችሁ። በደቡብ ጎንደር ዙሪያቸው የተካበላቸውንና ያልተካበላቸውን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ለማወዳደር ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለው የላንድሳት ሳተላይት ኤንዲቪአይ (የዕፅዋት አረንጓዴነት መለኪያ) ቢታይ ልዩነት የለም። እንዲያውም አንዳንዶቹ ያለ ካብም ሰፍተዋል። ካቡ አይጠቅምም ማለት ነው ወይስ አለካኩ ነው ችግሩ?

ፒክስል
አለካኩ ነው። ክብ የሆነ 5 ሄክታር ደን ዙሪያው 800 ሜትር ገደማ ነው። በላንድሳት 30 ሜትር ፒክስል (የምስሉ ትንሿ ካሬ) ደኑ ሁሉ 55 ፒክስል ቢሆን ነው፤ ግማሽ ያህሉ ጠርዝ ላይ ወድቆ ደኑንና ማሳውን ቀላቅሎ ያነባል። ከብት የሚገባው ደግሞ በዚያው በጠርዙ ነው። በሴንቲኔል-2 ሳተላይት 10 ሜትር ፒክስል ግን 500 ፒክስል ያገኛሉ፤ ጠርዝ ላይ የሚወድቀው ከአምስት አንድ ያህል ነው።

የጥርና የካቲት ምስል ይጠቀሙ። መስከረም ላይ ማሳውም ደኑም አረንጓዴ ነው፤ በበጋም ቢሆን በመስኖ የሚለማ ማሳ ያሳስታል። የቤተ ክርስቲያኑን የቆርቆሮ ጣሪያ ከምስሉ ቆርጠው ያውጡ። ጎግል ኧርዝ ኢንጂን (የሳተላይት ምስል በኢንተርኔት መተንተኛ) ላይ ከሆኑ «ሃርሞናይዝድ» የተባለውን ስብስብ ይምረጡ፤ ከጥር 25 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሴንቲኔል-2 ቁጥሮች ላይ 1000 ስለተጨመረ፣ ካልተቀነሰ ኤንዲቪአዩ ይወርድና ደኑ በአንድ ሌሊት የተመናመነ ይመስላል።

ወይራ
«ሰፋ» የተባለውን ይጠርጥሩ፤ ባሕር ዛፍ ሳይሆን አይቀርም። የአንድ ቀን ኤንዲቪአይ ከጥድና ከወይራ አይለየውም፣ የዓመታቱ የኤንዲቪአይ መስመር ግን ይለየዋል፦ ነባሩ ደን ብዙም አይዋዥቅም፣ ባሕር ዛፉ ሲቆረጥ ቁልቁል ወርዶ ከጉቶው ሲያቆጠቁጥ ይመለሳል። ለብቻው ይመድቡት እንጂ አይጣሉት። አጣናው የሚሸጥ ከሆነ የደኑ ታሪክ ግማሹ እዚያ አለ።

ጠርዝ
ከላይ የተባለው ሁሉ ቢስተካከልም ሳተላይቱ የሚያየው የዛፎቹን አናት ነው። ከብት ችግኙን ጨርሶት እንኳ ትልልቆቹ ዛፎች ለአሥርተ ዓመታት ጥላቸው አይሳሳም። ስለዚህ የካቡ ውጤት መጀመሪያ የሚታየው መሬት ላይ ነው፦ ከጠርዙ፣ 25 ሜትር ገባ ብሎና መሐል ላይ 10 በ10 ሜትር እየከለሉ ችግኝ በየዝርያው መቁጠር። የዛፍ ቁመት ከጠፈር የሚለካው የጌዲ ሌዘርም አያድንም፤ አንዷ ነጥብ 25 ሜትር ስፋት አላት፣ ትንሽ ደን ላይ የሚያርፉት ጥቂት ናቸው፣ ተዳፋት ላይ ደግሞ ቁመት ታጋንናለች።

ከአስተዳዳሪውና ከሰበካ ጉባኤው ፈቃድ ሲጠይቁ አብረው ይጠይቁ፦ ካቡ መቼ ተሠራ? ድንጋዩንና ጉልበቱን ማን አዋጣ? ከብቶቹ አሁን የት ይሰማራሉ? ካብ ወደሌለው ጎረቤት ደብር ከሄዱ ንጽጽሩ ተበላሸ፤ የአንዱ ትርፍ የሌላው ኪሳራ ነው። ለመቃብር የተመነጠረውንም ከግጦሽ ጉዳት ጋር አይደምሩ።

ጉና
የተካበበት ዓመት በጽሑፍ ካልተገኘስ?

ፒክስል
ጎግል ኧርዝ ላይ የቆዩ ምስሎችን ወደ ኋላ ይመልሱ። አዲስ ካብ ነጣ ያለ ቀጭን መስመር ሆኖ ይታያል፤ የሌለበትን የመጨረሻ ምስልና ያለበትን የመጀመሪያ ምስል ቀን ይያዙ። በመካከል ያሉትን ዓመታት ከንጽጽሩ ያውጡ።