የጋራ ማሽኖቻችንን የውሃ ማቀዝቀዣዎች ስለማሻሻል ለጠቅላላ ጉባኤ በሚቀርበው ረቂቅ ላይ የተደረገ የዕቅድ ውይይት

የጥገና ኮሚቴ ሰብሳቢ፦

ክቡራን የማኅበራችን አባላት፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ፒያሳ በሚገኘው የጋራ መሥሪያ ክፍላችን ለአኒሜሽንና ለሕንፃ ዲዛይን ሬንደር (የተነደፈውን ሥራ ወደ ተጠናቀቀ ምስል ለመለወጥ) የምንጠቀምባቸው ኮምፒውተሮች ማለትም ማሽኖቻችን ከመጋቢት ወር ወዲህ ከባድ ሥራ ሲሰጣቸው ፕሮሰሰራቸው የሙቀት ወሰኑ ላይ እየደረሰ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ፣ ሌሊቱን ያልቃል ተብሎ የተተወ ሥራ ጠዋት ስንመጣ ገና እየተሠራ እናገኘዋለን። ከአባላት የቀረበው ሐሳብ አራቱንም ማቀዝቀዣዎች በባለ 360 ሚሊ ሜትር ራዲያተር (የሞቀው ውሃ እያለፈበት በማራገቢያ አየር የሚቀዘቅዝበት ባለ ክንፍ ክፍል) እንተካ የሚል ነው። ሐሳቡን አልንቅም፤ ነገር ግን ግዢው የረቂቃችን መጀመሪያ ሳይሆን መጨረሻ እንዲሆን እጠይቃለሁ።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው። በባሕር ጠረፍ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን፣ እኛ ዘንድ የሚመዝነው 0.9 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ነው። ማራገቢያ አየርን የሚገፋው በይዘት ነው፤ ሙቀትን ተሸክሞ የሚወጣው ግን የአየሩ ክብደት ነው። በሰከንድ 50 ሊትር አየር በራዲያተሩ ውስጥ ቢያልፍና ፕሮሰሰሩ 250 ዋት ሙቀት ቢያመነጭ፣ በባሕር ጠረፍ 4 ዲግሪ ገደማ የሚሞቀው አየር እዚህ 5 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይሞቃል። በተዘጋው ቱቦ ውስጥ የሚዞረውን ውሃ ግን ከፍታው አይነካውም። ስለዚህ የእኛ ጉድለት ከውሃው በኩል ሳይሆን ከአየሩ በኩል ነው፤ የአየሩ መንገድ ደግሞ በእጃችን ልናስተካክለው የምንችለው ነገር ነው።

ይህን የምለው በግምት አይደለም። ባለፈው ቅዳሜ ሦስተኛውን ማሽን ከፍቼ ማራገቢያዎቹን ከራዲያተሩ ነጥዬ ሳነሣ፣ ከውጭ ንጹሕ መስሎ የሚታየው ራዲያተር በማራገቢያዎቹና በክንፎቹ መካከል አቧራው እንደ ባዘቶ ተነጥፎበት አገኘሁት። ጫፉን በጣቴ ይዤ ስስበው እንደ ጨርቅ ተያይዞ ተነሣ። በአካባቢያችን ግንባታው በበዛባቸው ወራት መስኮት ከፍተን ስንሠራ የገባ አቧራ መሆኑን ከቀለሙ መረዳት ይቻላል። እኛ በየወሩ በብሩሽ ስንጠርግ የኖርነው የኬዙን (የማሽኑን ሳጥን) ፊት ብቻ ነበር።

ሒሳብ ሹም፦

የሰብሳቢያችንን ሐሳብ እደግፋለሁ። ሆኖም ጉባኤው ፊት ቀርበን «ቀዘቀዘ» ማለት አይበቃንም። አንዱ ልኬት በቀዝቃዛ ጠዋት፣ ሌላው በሞቃት ከሰዓት ከተወሰደ ልዩነቱ የጽዳቱ ይሁን የቀኑ አይታወቅም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ልኬት ላይ የክፍሉ ሙቀት አብሮ ይመዝገብ፤ የምናነጻጽረውም የፕሮሰሰሩ ሙቀት ከክፍሉ ሙቀት ምን ያህል እንደሚበልጥ ይሁን። ውሃው ቀስ ብሎ ስለሚሞቅም በአምስት ደቂቃ ፍተሻ እንዳንታለል፣ አንዱ ፈተና ከግማሽ ሰዓት ማነስ የለበትም።

የአኒሜሽን ክፍል ተወካይ፦

እኅታችን ባቀረቡት ላይ አንድ ነገር እጨምራለሁ። ከአራቱ ማሽኖች የሁለቱ ፕሮሰሰር ራይዘን 9 7950ኤክስ ነው። ይህ ፕሮሰሰር በሙሉ ጭነት 95 ዲግሪ ድረስ እየሞቀ እንዲሠራ ሆኖ የተነደፈ ስለሆነ፣ ማቀዝቀዣው ቢሻሻልም ትርፉን ወደ ፍጥነት ለውጦ እዚያው ሙቀት አጠገብ ሊቆይ ይችላል። ሙቀቱን ብቻ ካየን ልፋታችን ከንቱ የሆነ ይመስለናል። ስለዚህ አንድ የታወቀ የብሌንደር (የአኒሜሽን ፕሮግራም) ትዕይንት መርጠን ሬንደሩ በስንት ደቂቃ እንዳለቀ እንመዝግብ፤ ለደንበኛ ቀን ቆርጠን የምንሰጠው እኛ እንደመሆናችን እውነተኛው መለኪያ እርሱ ነው።

የሌሎቹ ሁለቱ የኢንቴል ኮር አይ9 13900ኬ ነው። የአምራቹ ከፍተኛ የኃይል ወሰን 253 ዋት ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ማዘርቦርዶች (ፕሮሰሰሩ የሚሰካባቸው ዋና ሰሌዳዎች) ሲመጡ ይህን ወሰን ሳይጠብቁ ነው። ኢንቴል ራሱ በፈረንጆቹ 2024 ባዮሱ (የማዘርቦርዱን ቅንብር የሚይዘው ፕሮግራም) እንዲታደስና የኃይል ቅንብሩ ወደ ኩባንያው መደበኛ እንዲመለስ አሳስቧል፤ ያሳሰበውም ስለ ሙቀት ብቻ ሳይሆን ፕሮሰሰሮቹ እየተጎዱ ስለነበር ነው። ይህን ማድረግ አንድ ብር አያስወጣንም፤ እስካሁን አለማድረጋችንም ያሳስበኛል።

የጥገና ባለሙያ አባል፦

በተነሡት ሐሳቦች እስማማለሁ፤ በአገጣጠም በኩል ያየሁትን ላቅርብ። በሁለተኛው ማሽን ላይ ራዲያተሩ ከኬዙ ፊት ለፊት ታች ስለታሰረ ውሃውን የሚያዞረውና በፕሮሰሰሩ ላይ የተቀመጠው ፓምፕ ከራዲያተሩ አናት በላይ ሆኗል። በእንዲህ ያለ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁልጊዜ ጥቂት አየር አለ፤ አየሩም ወደ ከፍተኛው ቦታ ይወጣል። ያ ቦታ ፓምፑ ከሆነ፣ ማሽኑ ሲነሣ የምንሰማው የመንቆርቆር ድምፅ ይመጣል፤ ፓምፑም ዕድሜው ያጥራል። ራዲያተሩ ወደ ኬዙ ጣሪያ ይዛወር፤ ቦታ ከጠበበም አናቱ ከፓምፑ በላይ እስከሚሆን ከፍ ይበል።

የፓምፑ ገመድ የማራገቢያ ፍጥነት በሚቆጣጠረው መሰኪያ ላይ ተሰክቶ ማሽኑ ቀዝቀዝ ሲል ፓምፑም የሚዳከምበትን ሁኔታ በአንዱ ማሽን ላይ አይቻለሁ፤ ፓምፕ በሙሉ ፍጥነት ይዙር፣ ማራገቢያዎቹ ብቻ ይስተካከሉ። ሙቀት እንዲያልፍ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ፔስት የደረቀ ስለሆነ በአይሶፕሮፒል አልኮል ተጠርጎ አዲስ ይቀባ፤ ብሎኖቹም በየተራ፣ ትይዩ በትይዩ ይጥበቁ። ከዓመታት በፊት የራሴን ማሽን ያስገጠምኩበት አንድ ሱቅ በፕሮሰሰሩ ላይ የሚያርፈውን የማቀዝቀዣውን የመዳብ ፊት የሚሸፍነውን ላስቲክ ሳይልጥ ገጥሞልኝ፣ ስምንት ወር ሙሉ ፕሮሰሰሩን ስወቅስ ኖሬያለሁ። ስለዚህ አንድ አባል ሲገጥም ሌላው ቆሞ እንዲያይ በረቂቁ ይጻፍልኝ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ውሃ በጎማው ቱቦ በኩል በዓመታት ውስጥ እየተነነ ስለሚቀንስ፣ ከአምስት ዓመት በላይ ያገለገለ ማቀዝቀዣ በጽዳት ላይመለስ ይችላል። ከፍቶ የቧንቧ ውሃ መጨመር ግን ፈጽሞ አይፈቀድ። የውስጡ ፈሳሽ መዳቡና አሉሚኒየሙ አብረው ሲኖሩ እንዳይበላሉ መከላከያ የተጨመረበት ነው፤ የቧንቧ ውሃ ይህን ያፈርሰዋል፣ ጨውም ያመጣል።

የጥገና ኮሚቴ ሰብሳቢ፦

አመሰግናለሁ፤ ረቂቁን እንደሚከተለው አሻሽያለሁ። «ማኅበሩ አዲስ ማቀዝቀዣ ከመግዛቱ በፊት አራቱን ማሽኖች ይለካል፤ ራዲያተሮቹን ማራገቢያዎቹ ተነጥለው ያጸዳል፤ የፓምፑን ቦታና መሰኪያ ያስተካክላል፤ ፔስት ይቀይራል፤ ባዮሱን አድሶ የኃይል ወሰኑን ይመልሳል። ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ ያው ሬንደር፣ የክፍሉ ሙቀት ተመዝግቦ፣ በድጋሚ ይሠራል። ግዢ የሚፈቀደው ከዚህ ሁሉ በኋላ ላልተሻሻለ ማሽን ወይም ከአምስት ዓመት በላይ ላገለገለ ማቀዝቀዣ ብቻ ሲሆን፣ የአየራችን ስስነት ታስቦ ሰፊ ራዲያተር ይመረጣል።» የገጣሚና የተመልካች ጉዳይ በተለየ አንቀጽ ገብቷል።

ማስተካከያ ያላችሁ እስከ ሐሙስ ማታ ጻፉልኝ። ቅዳሜ ጠዋት በሁለተኛውና በሦስተኛው ማሽን እንጀምራለን፤ ብሎወርና ረጅም ካቻቢቴ ያለው አባል ይዞ እንዲመጣ እለምናለሁ። አየር ሲነፋ የማራገቢያው ምላጭ በጣት ተይዞ መቆም ስላለበት ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ጽዳቱም የሚደረገው ከክፍሉ ውጭ በረንዳው ላይ ነው።