ጥንቸል ለኮንዶሚኒየም፦ ጥንድ ወይስ አንድ? ቀለቧስ?

የሦስተኛ ፎቅ እናት
ሰላም ለሁላችሁ። ለዘጠኝ ዓመት ልጄ ጥንቸል ልገዛ ነው። ሻጩ «ወንድና ሴት ውሰጂ፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን ይበቃቸዋል» ይላል። ስገዛ ምን ልይ? በረንዳ ላይ ወለሉ ሽቦ የሆነ የዶሮ ቤት አለ፤ እሱስ ይሆናል?

የጓሮ ሰው
እህቴ፣ ወንድና ሴት አብረሽ እንዳትወስጂ። ትንንሾቹ ዝርያዎች በ4 ወራቸው ለመራባት ይደርሳሉ፣ እርግዝናው 31 ቀን ገደማ ነው፣ በወለደች ማግስት ደግሞ እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። ሁለት ካማረሽ እህትማማች ሴቶች ይሻላሉ፤ ያልተኮላሹ ወንዶች ሲጎረምሱ ክፉኛ ይነካከሳሉ። የሻጩን «ሴት ናት» አትመኚ፣ በልጅነታቸው መለየት ያስቸግራል። አባለ ዘሩን በሁለት ጣት ቀስ አድርገሽ ገለጥ ስታደርጊው ክብ ከሆነ ወንድ፣ እንደ ስንጥቅ ረዘም ካለ ሴት ነው።

ስትመርጪ ከኋላ ጀምሪ። ጅራቷ ሥር ደረቅ መሆን አለበት፤ ከረጠበ ተቅማጥ አለባት። ቀጥሎ የፊት እግሯን የውስጥ ጸጉር እዪ፦ ከተጣበቀ አፍንጫዋን ስትጠርግበት ከርማለች ማለት ነው፣ ሻጩ ፊቷን ቢያጸዳውም ይህን ይረሳዋል። ጆሮዋ ውስጥ ቡናማ ቅርፊት ካለ ተባይ ነው። ከንፈሯን ገለጥ አድርጊ፤ የላይኛው የፊት ጥርስ ከታችኛው በትንሹ ወደ ፊት ወጥቶ መግጠም አለበት። ከ8 ሳምንት በታች የሆነች አትግዢ።

ድርቆሽ
ካሮት ስኳር ነው፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀጭን ቁራጭ ይበቃል። ጥቅል ጎመን ደግሞ ሆዷን ይነፋል። ዋናው ቀለብ የሣር ድርቆሽ ነው፣ ቀን ከሌት ከፊቷ የማይጠፋ፣ በቀን የራሷን አካል የሚያህል ክምር። ጥርሷ ዕድሜ ልኳን ያድጋል፤ የሚያሳጥረው የሣሩ ማኘክ ነው። አንጀቷን የሚያንቀሳቅሰውም ያው የሣሩ ቃጫ ነው። ሻጋታ የሸተተ ድርቆሽ ጣይው። የጤፍ ጭድ ለጉዝጓዝ እንጂ ለቀለብ አይሆንም። አልፋልፋ የሚባለው የመኖ ተክል እስከ 6 ወር ጥሩ ነው፣ ከዚያ በኋላ ካልሲየሙ ይበዛና ፊኛዋ ውስጥ እንደ አሸዋ ይጠራቀማል።

ለ2 ኪሎ ጥንቸል በቀን ሁለት እፍኝ ሰላጣ፣ ድንብላል ወይም የካሮት ቅጠል፣ ታጥቦ ውሃው የጠፈፈ። አዲስ ቅጠል አንድ አንድ እያልሽ አስለምጃት። ሽንኩርት፣ አቮካዶ፣ የድንችና የቲማቲም ቅጠል ፈጽሞ አይሰጥም። ውሃ ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ከ50 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ትጠጣለች፤ የማይገለበጥ ከባድ ሳህን ስጫት። እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ ለስላሳ ኩስ ስትበላ ካየሽ አትደንግጪ፣ ቫይታሚኗን የምታገኘው ከሱ ነው።

የጓሮ ሰው
የዶሮ ቤቱን ረስቼው። እግሯ ሥር እንደ ድመት ትራስ የላትም፣ ጸጉር ብቻ ነው፤ ሽቦው ተረከዟን ያቆስለዋል። ጣውላ አንጥፊና ጭድ ጎዝጉዢበት። በረንዳው ቀትር ላይ ፀሐይ ከመታው አስገቢያት፤ ላብ ስለማታልብ ከ28 ዲግሪ በላይ ለሷ አደጋ ነው። ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ገመድ ታኝካለች። ልጅሽ በጆሮዋ አያንሳት፤ ወለል ላይ ቁጭ ብሎ አንድ እጁን ደረቷ ሥር፣ ሌላውን መቀመጫዋ ሥር ያድርግ። የኋላ እግሯ ተንጠልጥሎ ስትራገጥ ወገቧ ሊሰበር ይችላል።

የሦስተኛ ፎቅ እናት
እግዜር ይስጥልኝ። ሐኪም ጋ የምወስዳት ምን ሲታይባት ነው?

ድርቆሽ
ለ12 ሰዓት ያህል ካልበላች ወይም በጠጧ ከቀረ፣ «ነገ እናያለን» አይባልም፣ አንጀቷ ቆሟል። ጥግ ይዛ፣ ተኮራምታ፣ ጥርሷን ታፋጫለች፤ ሕመሙ ይኼ ነው። ቤት ውስጥ ያለ አሞክሳሲሊን በአፍ እንዳትሰጫት፣ የአንጀቷን ጠቃሚ ባክቴሪያ ፈጅቶ ይገድላታል። ፊፕሮኒል ያለበት የውሻ ቁንጫ መድኃኒትም ሊገድላት ስለሚችል እንዳታደርጊላት።