ተመስጦና ተቃውሞ፦ ለውስጥ ጸጥታ የሚተጋ ሰው አደባባይ መውጣቱ ምን ይረባል?

ጠያቂ፦ ጽሞና

ሰላም ለሁላችሁ። ላለፉት 11 ዓመታት በየማለዳው ከሥራ በፊት ለአንድ ሰዓት ያህል በዝምታ እቀመጣለሁ። ከዚህ ልምምድ ያገኘሁትን በቃላት መግለጽ ይቸግረኛል፤ ነገር ግን ቀድሞ በትንሽ በትልቁ ይነድ የነበረው ቁጣዬ ረግቧል፣ ከሰው ጋር ስነጋገርም መልሴን ከማዘጋጀት ይልቅ ተናጋሪውን መስማት ለምጃለሁ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ልምምዱን ለመንቀፍ ሳይሆን ወሰኑ የት እንደሆነ ግራ ስለገባኝ ነው።

በቅርቡ በምሠራበት ድርጅት ውስጥ በጽዳት ሥራ ላይ የተሰማሩ ባልደረቦቻችን ደመወዝ ተቀነሰ። ምክንያቱን በቅጡ ያስረዳቸው የለም፤ የደረሳቸው ስማቸውንና አዲሱን መጠን የያዘ አንድ ገጽ ወረቀት ብቻ ነው። ከየክፍሉ የተውጣጡ ሠራተኞች በማግሥቱ ጠዋት በሩ ላይ ቆመው ተቃውሟቸውን ለማሰማት ተስማሙና እኔንም ጠሩኝ። አልሄድኩም። መምህሬን ሳማክራቸው፣ በውስጡ ያለውን ቁጣ ያላሸነፈ ሰው ወደ አደባባይ ይዞት የሚወጣው ያንኑ ቁጣ እንደሆነ፣ ዓለምም የሚለወጠው እያንዳንዱ ሰው ራሱን ሲለውጥ እንደሆነ ነገሩኝ። በዚያ ጠዋት ቢሮዬ ገብቼ መስኮቱን ዘጋሁ፤ ድምፃቸው ግን በመስታወቱ አልፎ ይሰማኝ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ እስትንፋሴን ልከተል ብሞክር አልሆነልኝም።

የምጠይቀው ይህን ነው። ተመስጦና ተቃውሞ አንድ ሰው ውስጥ አብረው መኖር ይችላሉ? ደግሞስ ተቃውሞ በእርግጥ የሚለውጠው ነገር አለ ወይስ የልብን ማስተንፈሻ ብቻ ነው?

መልስ፦ ብራና

የመምህርዎን ቃል አላቃልልም፤ ቁጣን ብቻ ይዘው የወጡ ሰልፎች ወዴት እንደሚያመሩ ብዙዎቻችን አይተናል። ሆኖም ራስን መለወጥ ይቅደም የሚለው ምክር፣ ራሱን የለወጠ ሰው ቀጥሎ ምን ያደርጋል የሚለውን ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን አሜሪካ የኖረውን ጆን ዉልማንን ይመልከቱ። ዉልማን እ.ኤ.አ. በ1720 የተወለደ፣ ኩዌከር የተባለው የክርስቲያኖች ማኅበር አባል ነበር። በዚያ ዘመን የነበሩት ኩዌከሮች ሲያመልኩ በአንድ ክፍል ተሰብስበው በዝምታ ይቀመጣሉ፤ መንፈስ እንዲናገር እንደገፋፋው የሚሰማው ሰው ብቻ ተነሥቶ ይናገራል። ዉልማን ገና ወጣት ሳለ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር፤ አንድ ቀን አሠሪው አንዲት ባሪያ ሸጦ የሽያጩን ሰነድ እንዲጽፍለት አዘዘው። ዉልማን ጻፈው። ነገር ግን ሲጽፍ ልቡ ተረበሸ፤ ባሪያ መያዝ ከክርስትና ጋር የሚስማማ ነገር እንዳልሆነ እንደሚያምን ለአሠሪውም ለገዢውም እዚያው ነገራቸው። ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ሰነድ እንዲጽፍ ሲጠየቅ እምቢ አለ።

ከዚያም ለብዙ ዓመታት ባሪያ ወዳላቸው የማኅበሩ አባላት ቤት እየተጓዘ፣ ሳይሰድብና ሳያስፈራራ ፊት ለፊት አነጋገራቸው። በእንግድነት ባደረበት ቤት ባሪያዎች ሲያገለግሉት የአገልግሎታቸውን ዋጋ ይከፍል ነበር፤ ይህ ለባለቤቱ ከማንኛውም ስብከት ይልቅ የሚከብድ ነገር ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1758 የፊላደልፊያ ኩዌከሮች ዓመታዊ ጉባኤ ባሪያ በሚገዙና በሚሸጡ አባላቱ ላይ እርምጃ ለመውሰድ ሲወስን ጉባኤውን ከሞገቱት አንዱ ዉልማን ነበር። በ1776 ደግሞ ጉባኤው አባላቱ ባሪያ እንዳይዙ ጨርሶ ከለከለ፤ ያን ጊዜ ዉልማን ከሞተ 4 ዓመት ሆኖት ነበር። ውጤቱን ሳያዩ በአንድ ነገር ላይ ሠላሳ ዓመት መጽናት የሚቻለው ከዚያ ዝምታ የሚቀዳ ነገር ሲኖር ነው ብዬ አምናለሁ።

ማኅተመ ጋንዲም እ.ኤ.አ. በ1930 ሕንዳውያን ጨው እንዳያመርቱ የሚከለክለውን የብሪታንያ ሕግ ለመጣስ በሕንድ ከሳባርማቲ ወደ ዳንዲ ለ24 ቀናት በእግር ሲጓዙ፣ አብረዋቸው የተነሡት 78 ሰዎች ከመንገድ የተሰበሰቡ አልነበሩም፤ በጸሎትና በሥርዓት ሲኖሩ የቆዩ የማኅበራቸው አባላት ነበሩ። ጋንዲ የዚህን ዝግጅት ዋጋ የተማሩት በመራራ መንገድ ነው። በ1922 ቻውሪ ቻውራ በተባለ ስፍራ ሕዝቡ ተቆጥቶ የፖሊስ ጣቢያ ሲያቃጥልና ፖሊሶች ሲሞቱ፣ በመላ አገሪቱ የተቀጣጠለውን ንቅናቄ ራሳቸው አስቁመው ለአምስት ቀናት ጾሙ። ብዙ የትግል ጓዶቻቸው በዚህ ውሳኔ አዝነውባቸዋል።

መልስ፦ ሚዛን

የብራናን መልስ በአክብሮት አነበብኩ፤ ነገር ግን ታሪኩን ከአንድ ወገን ብቻ የነገረን ይመስለኛል።

ዉልማን ወደ ጉባኤው ከመምጣቱ 20 ዓመት አስቀድሞ፣ በ1738፣ ቤንጃሚን ሌይ የተባለ ሌላ ኩዌከር በበርሊንግተን የተሰበሰበ ጉባኤ ውስጥ ገባ። ሌይ ቁመቱ በጣም አጭር፣ ጀርባው የጎበጠ ሰው ነበር። ከካባው ሥር የወታደር ልብስ ለብሶ ሰይፍ ታጥቋል፤ በእጁም ውስጡ ተቦርቡሮ ቀይ የፍሬ ጭማቂ የተሞላ ከረጢት የተደበቀበት መጽሐፍ ይዟል። ባሪያ የሚይዙትን አባላት አውግዞ ሲያበቃ ካባውን ጥሎ ሰይፉን መጽሐፉ ላይ ሰካ፣ ጭማቂውም እንደ ደም አጠገቡ በተቀመጡት ላይ ተረጨ። ከጉባኤው ተጎትቶ ወጣ፤ ማኅበሩም ከአባልነት ሰረዘው። ሌይ ግን የ1758ቱ ውሳኔ ሲተላለፍ በሕይወት ነበርና ወሬውን ሰምቶ ለመሞት በቃ። በዚያ አዳራሽ የተረጨው ቀይ ፈሳሽ የሰዎቹን እንቅልፍ ባይነሣ ኖሮ፣ የዉልማን ለስላሳ ቃል የሚሰማው ጆሮ ያገኝ ነበር? እኔ እጠራጠራለሁ። ማኅበሩ ዉልማንን በአክብሮት ሲያነሣ ሌይን ለረጅም ጊዜ እንደ እብድ መቁጠሩም ያሳዝነኛል።

ከዚህ የሚብሰው ጉዳይ ደግሞ ተመስጦ በራሱ ፍትሕን አለማስተማሩ ነው። ስለ መለኮታዊ ፍቅር በጥልቀት ከጻፉት የመካከለኛው ዘመን መነኮሳት አንዱ የክሌርቮው በርናርድ፣ በ1146 ቬዝሌ ላይ ቆሞ ሕዝቡን ለሁለተኛው የመስቀል ጦርነት የቀሰቀሰ ሰው ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽም ብዙ የጃፓን የዜን ቡድሂዝም መምህራን የአገራቸውን ወረራ ደግፈዋል፤ አእምሮን ከፍርሃትና ከ“እኔነት” የማላቀቅ ትምህርታቸው ወታደሩ ሳያመነታ እንዲገድልም እንዲሞትም ውሏል። የረጋ አእምሮ ማለት የታዘዘውን ነገር ሁሉ በእርጋታ የሚፈጽም አእምሮ ሊሆን ይችላል። ጠያቂያችን “ቁጣዬ ረግቧል” ሲሉ የጠየቅሁት ራሴን ነው፤ ደመወዛቸው የተቀነሰባቸው ሴቶችና ወንዶች የሰው ቁጣ መርገብ ምን ያደርግላቸዋል?

ተቃውሞ ይለውጣል ወይ ለሚለውም መልሴ፣ የሚለውጠው ስሜቱ ሳይሆን አደረጃጀቱ ነው የሚል ነው። በአሜሪካ የሞንትጎመሪ ከተማ ጥቁር ነዋሪዎች፣ ነጭና ጥቁር ተሳፋሪዎችን የሚለየውን ሥርዓት በመቃወም ከታኅሣሥ 1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለ381 ቀናት በከተማ አውቶቡስ አንሳፈርም ያሉበት አድማ በድንገት የተወለደ አይደለም። የሴቶች የፖለቲካ ምክር ቤት አባል የነበሩት መምህርት ጆ አን ሮቢንሰን ሌሊቱን ሙሉ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ በራሪ ወረቀቶችን ሲያባዙ አደሩ፤ ሠራተኛውን የሚያመላልሱ መኪኖች በፈቃደኞች ተደራጁ፤ ጎን ለጎን ክስ ተመሥርቶ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኅዳር 1956 በአውቶቡስ ነጭና ጥቁርን መለየት ሕገ ወጥ ነው የሚለውን ፍርድ አጸና። ዓይናቸውን ጨፍነው ያመጡት ድል አይደለም።

መልስ፦ ማለዳ

ሚዛን ስለ በራሪ ወረቀቶቹና ስለ መኪኖቹ የተናገሩት ሁሉ ትክክል ነው። ግን በዚያው ከተማ፣ በዚያው አድማ መካከል የሆነውን አንድ ሌሊት ልጨምር። ጥር 27 ቀን 1956 እ.ኤ.አ. ሌሊት የአድማው መሪ፣ የ27 ዓመቱ ማርቲን ሉተር ኪንግ የግድያ ዛቻ በስልክ ደረሳቸው። እንቅልፍ አልወስድ ብሏቸው ተነሥተው ወጥ ቤት ገቡ፣ ቡና አፍልተው ጠረጴዛው ላይ ተቀመጡ፤ ፈሪ ሳይመስሉ እንዴት ከነገሩ መውጣት እንደሚችሉም አሰቡ። ከዚያ ራሳቸውን በእጃቸው ደግፈው ድምፅ አውጥተው ጸለዩ፣ አቅሜ አልቋል፣ ፈርቻለሁ ብለው። በኋላ እንደተናገሩት የእግዚአብሔርን መገኘት እንደዚያ ቀርቦ የተሰማቸው ያን ጊዜ ነው። በሦስተኛው ቀን ባለቤታቸውና ጨቅላ ልጃቸው ቤት ውስጥ ሳሉ በረንዳው ላይ ቦምብ ፈነዳ። ሁለቱም አልተጎዱም፤ ነገር ግን መሣሪያ የያዙ ሰዎች ያሉበት የተቆጣ ሕዝብ ቤቱን ከበበ። ኪንግ በፈራረሰው በረንዳ ላይ ቆመው ወደየቤታችሁ ግቡ፣ መሣሪያ የያዘ ይመልስ አሉ፤ ሕዝቡም ተበተነ። በዚያ ምሽት አንድ ጥይት ተተኩሶ ቢሆን ኖሮ መኪኖቹም ወረቀቶቹም ክሱም ምን ይሆኑ ነበር?

ሚዛንን የምቃወመው እዚህ ላይ ብቻ ነው። ተመስጦ ፍትሕ ምን እንደሆነ አይነግረንም፤ እሱን የምንሰማው ከተበደለው ሰው አፍ ነው። ነገር ግን የሰማነውን ይዘን፣ ሲሰድቡንና ሲገፉን የምንጠላውን ሰው ሳንመስል ለመቆየት የሚያስችል ጉልበት ከየት ይመጣል?

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አላገኘሁትም። ከዓመታት በፊት ለሰላማዊ ተቃውሞ የሚያዘጋጅ ሥልጠና ገብቼ ነበር። ሥልጠናው ቄስ ጄምስ ሎውሰን እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ በአሜሪካዋ ናሽቪል ከተማ ተማሪዎችን ካሠለጠኑበት መንገድ የተወሰደ ነው፤ ግማሾቻችን ወንበር ላይ እንቀመጣለን፣ ግማሾቻችን እንደ አጥቂ ሆነን እንሰድባቸዋለን፣ እንገፋቸዋለን፣ ፀጉራቸውን እንጎትታለን። ለጸሎት ትጉህ ነኝ ብዬ አስብ ነበርና ምንም የማይነካኝ መስሎኝ ተቀመጥኩ። ከኋላዬ የቆመችው ልጅ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብላ ስለ እናቴ አንድ ቃል ተናገረች፤ ሳላስበው እጄ ተነሥቶ ክንዷን ይዞ ነበር። የዓመታት ልምምዴ በአራት ወይም በአምስት ቃል ተፈተነና ወደቀ። አሠልጣኛችን አልገሠጹኝም፤ ትከሻዬ መቼ እንደተወጠረ አስታውስ ዘንድ እንደገና አስቀመጡኝ። በስድስተኛው ሙከራ ቁጣው ሲነሣ አየሁት፣ እጄ ግን ጉልበቴ ላይ ቀረ። ስለዚህ ለጠያቂያችን መምህር በአክብሮት የምመልሰው፣ በውስጣችን ያለውን ቁጣ ብቻችንን ተቀምጠን አሸንፈነው እንደሆነ ማወቅ አንችልም የሚል ነው።

መልስ፦ ሙሪድ

አጭር ነገር ልጨምር። ፈረንሳይን ተዋግተው የተሸነፉትና በስደት ደማስቆ ይኖሩ የነበሩት አልጄሪያዊው አሚር አብዱልቃድር የሱፊ (የእስልምና የተመስጦ) መንገድ ተከታይና የመካከለኛው ዘመን ሱፊ ሊቅ የኢብን አረቢ ትምህርት አጥኚ ነበሩ። በሐምሌ 1860 እ.ኤ.አ. የተቆጣ ሕዝብ በከተማዪቱ ክርስቲያኖች ላይ ሲነሣ፣ ከሰዎቻቸው ጋር ወጥተው በሺህ የሚቆጠሩትን ከሞት አተረፉ። በገዛ ወገናቸው ፊት ቆመው እምቢ ማለታቸውን እንደ ተቃውሞ እቆጥረዋለሁ፤ ከሁሉም የሚከብደውም ይኸኛው ይመስለኛል።

ጠያቂው፦ ጽሞና

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ በተለይ ሚዛንን፣ ምክንያቱም ጥያቄያቸው እንቅልፍ ሲነሣኝ አድሯል።

በመጀመሪያው ጽሑፌ ያልገለጽኩት ነገር አለ። ያንን የስም ዝርዝር ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። የሥራ ድርሻዬ ስለሆነ ከኃላፊዬ የተላከልኝን አዲስ መጠን ከእያንዳንዱ ስም ፊት ለፊት ሞላሁ፣ ድምሩን አረጋገጥኩ፣ አተምኩት። በእርጋታ ነው የሠራሁት፤ የረጋ አእምሮ የታዘዘውን በእርጋታ ይፈጽማል የሚለውን ሳነብ ደነገጥኩ። ስለ ዉልማን ባነብ ደግሞ እሱም አስቀድሞ ሰነዱን መጻፉን አየሁ፤ ከዚያ ቀጥሎ ያደረገውን ግን እኔ አላደረግሁም።

ትናንት ከጽዳት ሠራተኞቹ አንዷን፣ ፎቃችንን የሚያጸዱትን እናት፣ ሥራቸውን እስኪጨርሱ ጠብቄ አነጋገርኳቸው። ዝርዝሩን ያዘጋጀሁት እኔ እንደሆንኩ ስነግራቸው ጥቂት ዝም አሉ፤ ከዚያ የቀድሞውን መጠን የሚያሳይ ማስረጃ በእጄ እንዳለ ጠየቁኝ። እነሱ በጋራ የሚያቀርቡት አቤቱታ ላይ የእያንዳንዳቸው የቀድሞ ደመወዝ መጻፍ አለበት፤ ብዙዎቹ ግን የድሮውን ወረቀት አላስቀመጡትም። መምህሬ ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ዛሬ ጠዋት እንደ ወትሮው ተቀምጬ ነበር፤ እስትንፋሴን እየተከተልኩ ሳለ ስሞቹ በዝርዝሩ ቅደም ተከተል አንድ በአንድ መጡብኝ፣ እኔም አላባረርኳቸውም። የሚቀጥለው ወር ዝርዝር ሰኞ ጠረጴዛዬ ላይ ይደርሳል፤ እንደማልሞላው ለኃላፊዬ በጽሑፍ አሳውቄያለሁ። ማለዳ፣ ሥልጠናው አሁንም የሚሰጥ ከሆነ እባክዎ ይጻፉልኝ።