ስልኬን ኦቨርክሎክ ካደረግኩ (ከተሰራለት ፍጥነት በላይ እንዲሰራ ካደረግኩ) በኋላ ባትሪው አልበረክት አለ
ሰላም ጓዶች፣ የገባው ሰው እባካችሁ ይርዳኝ። ባለፈው ሳምንት ስልኬን ሩት አርጌ (ሲስተሙን የመቀየር ሙሉ ፈቃድ አግኝቼ) ሌላ ከርነል (ሃርድዌሩን የሚያዘው የሲስተሙ እምብርት) ጫንኩበትና ሲፒዩውን ከ1.8 ወደ 2.1 ጊጋኸርዝ ከፍ አደረግኩት፣ ጌም ላይ እውነትም ይከንፋል ግን ባትሪው ወንፊት ሆነ በቃ። ማታ 100 ሞልቼው ተኝቼ ጠዋት 41 ላይ አገኘዋለሁ፣ ዳታም ዋይፋይም ጠፍቶ! ትናንትማ ኪሴ ውስጥ ዝም ብሎ ግሎ ጭኔን ሲያቃጥለኝ ነው ያወጣሁት። ፍጥነቱን ወደ ድሮው መልሻለሁ፣ ገቨርነሩም (የሲፒዩውን ፍጥነት ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ሴቲንግ) ፐርፎርማንስ (ሁሌ በሙሉ ፍጥነት) ላይ ነበር ቀየርኩት፣ ምንም ለውጥ የለም። ስክሪኑ ጠፍቶ እንኳ ዲፕ ስሊፕ (ሲፒዩው ሙሉ ለሙሉ ያረፈበት ጊዜ) 0 ነው የሚለኝ፣ የሆነ ነገር እንዳይተኛ ይዞታል መሰለኝ፣ የቱ እንደሆነ በምን ነው የማየው? የድሮውን ቡት ኢሜጅ (ከርነሉ ያለበትን ፋይል) ባካፕ አላደረግኩም (አዎ ስድብ ይገባኛል)። ሮሙን (የስልኩን ሲስተም በሙሉ) ከነጭራሹ እንደገና ልጫን ወይስ ሌላ መላ አለ?