ከኤሊዋ በፊት ቤቷ ይድረስ

ጥያቄ፦ ከኮሎኝ፣ ጀርመን

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የ9 ዓመት ልጄ ዓመት ሙሉ ስትለምነኝ ቆይታ፣ በመጪው ሜይ አንዲት ጨቅላ የየብስ ኤሊ ልገዛላት ቃል ገብቼላታለሁ። የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን ወደ ደቡብ የሚያይ በረንዳ አለን፤ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር የምንጋራው ትንሽ የጓሮ አትክልት ቦታ፣ እዚህ ክላይንጋርተን የሚሉት፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ይገኛል። ያሰብሁት የመስታወት ሣጥን ገዝቼ ሳሎን መስኮት ሥር ላስቀምጣትና ሰላጣና ቲማቲም ልመግባት ነው። ወንድሜ ደግሞ «ለምን ገንዘብሽን ታባክኛለሽ፤ ከድሬዳዋ ይዤልሽ እመጣለሁ» ይለኛል። ልምድ ያላችሁ ምን ማዘጋጀት እንዳለብኝ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

መልስ፦ ከፍራንክፈርት አቅራቢያ

ውድ እህቴ፣ ኤሊዋ ከመምጣቷ በፊት መጠየቅዎ ትልቅ ነገር ነው። እኔ የመጀመሪያዋን ኤሊ ስገዛ ማንንም አልጠየቅሁም፤ የዚያ ስሕተት ምልክት እስከ ዛሬ በጀርባዋ ላይ ይታያል። የጤነኛ ኤሊ ቅርፊት እንደ ተደፋ ሞሰብ ክዳን ወጥ ሆኖ ይጎብጣል። የኔዋ ግን እያንዳንዱ የቅርፊቷ ክፍል ለብቻው እንደ ትንሽ ጉልላት ተነሥቷል፤ ጣቴን ሳሳልፍበት ጉብታዎቹን አንድ በአንድ እቆጥራቸዋለሁ። እንዲህ ያለው ጉብታ አንዴ ከወጣ አይመለስም። ያመጣውም ረኀብ አልነበረም፤ ደረቅ ሣጥን ውስጥ አስቀምጬ፣ ዓመቱን ሙሉ እያሞቅሁ፣ አብዝቼ መመገቤ ነበር። እኛ የምንወደውን ሁሉ ከብርድ እንሸሽጋለን፣ እናጎርሳለን። ለዚህች ፍጥረት ግን ሙቀቱም ጉርሻውም ከልክ ሲያልፍ ጉዳት ነው፤ ከዚህ በታች የምጽፍልዎ ምክር ሁሉ መነሻው ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ስለ ወንድምዎ ሐሳብ ልናገር። በምሥራቅ የሀገራችን ክፍልና በስምጥ ሸለቆ የሚገኘው፣ ቅርፊቱ እንደ ነብር ቆዳ ነጠብጣብ ያለው ኤሊ ሳይተስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚጠበቅ ነው። ያለ መውጫና መግቢያ ፈቃድ በሻንጣ የመጣ ኤሊ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ይወረሳል፤ ያመጣውም ሰው በሕግ ይጠየቃል። ፈቃዱ ቢገኝ እንኳ ያ ኤሊ የብርድ ወራትን ተኝቶ ማሳለፍ የማያውቅ፣ ሲያድግም ትልቅ የሚሆን በመሆኑ፣ በጀርመን ዊንተር የሚሞቅ ሰፊ ክፍል ሊኖረው ግድ ነው። ስለዚህ እባክዎ ወንድምዎን በፍቅር ይከልክሉት።

እዚህ ለጀማሪ የሚሻለው ጀርመኖች የግሪክ ኤሊ የሚሉት፣ በሳይንሳዊ ስሙ ቴስቱዶ ሄርማኒ የተባለው ነው። የትውልድ ቦታው ከስፔን ሰሜን ምሥራቅ ጀምሮ በጣሊያን በኩል እስከ ባልካን ስለሆነ፣ የበጋ ሙቀትንም የዊንተር ቅዝቃዜንም ያውቃል። ሲያድግ ቁመቱ 20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይደርሳል፤ ከ50 ዓመት በላይም ሊኖር ይችላል። ልጅዎ ዛሬ የሚሰጧትን ኤሊ ለራሷ ልጆች ልታወርስ እንደምትችል አስቀድመው ይንገሯት።

ይህ ኤሊ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ጥብቅ ጥበቃ ከሚደረግላቸው እንስሳት አንዱ ነው። ሻጩ በቢጫ ወረቀት ላይ የታተመውን የኅብረቱን የምስክር ወረቀት ዋናውን ቅጂ ካልሰጠዎ አይግዙ፤ ዋጋው በግማሽ ቢቀነስልዎ እንኳ አይግዙ። ኤሊዋ ከገባች በኋላም ሳይዘገዩ በከተማው የተፈጥሮ ጥበቃ ቢሮ ያስመዝግቧት። ጨቅላ ኤሊ ማይክሮቺፕ ስለማይገባላት (ቺፑ የሚገባው ከ500 ግራም በላይ ስትሆን ነው) መታወቂያዋ የጀርባዋና የሆዷ ፎቶግራፍ ነው። የሆዷ መስመርና ጥቁር ምልክት እንደ እኛ የጣት አሻራ የራሷ ብቻ ነው፤ እያደገች ስትሄድ ፎቶግራፉ ይታደሳል። ይህን አቃፊ እንደ መኖሪያ ፈቃድዎ ይጠብቁት።

አሁን ወደ ቤቷ ልምጣ። የመስታወት ሣጥኑን ይተዉት። መስኮት ሥር ሲቀመጥ ፀሐይ ውስጡን እንደ ምድጃ ታግለዋለች፤ በዚያ ላይ ብርሃኑ በመስታወት ቢያልፍም ዩቪ ቢ የሚባለው ጨረር አያልፍም። ኤሊ ያለ ዩቪ ቢ በቆዳዋ ቫይታሚን ዲ መሥራት አትችልም፤ ያለ ቫይታሚን ዲ ደግሞ የምትበላው ካልሲየም ወደ አጥንቷና ወደ ቅርፊቷ ስለማይደርስ ቅርፊቷ እየለሰለሰ ይሄዳል። በመስታወቱ ምትክ 120 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ አናቱ ክፍት የጣውላ ሣጥን ያሠሩ። በአንደኛው ጫፍ ሙቀትና ዩቪ ቢ የሚሰጥ መብራት ከላይ ይንጠልጠል፤ ከሥሩ ያለው ቦታ 35 ዲግሪ አካባቢ፣ ሌላው ጫፍ 20 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፤ ሌሊት መብራቱ ይጠፋል። ከታች የሚያሞቅ ምንጣፍ እንዲገዙ ቢመክሩዎ እሺ አይበሉ፤ ኤሊ ሙቀትን ከላይ፣ ቅዝቃዜን ከአፈር ውስጥ የምትፈልግ እንስሳ ናት።

ከሁሉ በላይ የምለምንዎ ስለ አፈሩ ነው። ማዳበሪያ የሌለው የጓሮ አፈር ከጥቂት አሸዋ ጋር ደባልቀው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ያንጥፉ፤ በቀዝቃዛው ጫፍ በኩል ሁልጊዜ እርጥብ ይሁን። ጨቅላ ኤሊ በተፈጥሮዋ አብዛኛውን ጊዜ የምታሳልፈው በሣር ሥር፣ በእርጥብ አፈር ተሸፍና ነው። የኔዋ ጀርባ የተበላሸው ይህን ስላላወቅሁ፣ «ኤሊ የደረቅ ምድር እንስሳ ናት» ብዬ በደረቅ እንጨት ፍቅፋቂ ላይ ስላሳደግኋት ነው። ግማሽ የሸክላ የአበባ ማሰሮ ገልብጠው መደበቂያ ያድርጉላት፤ ለመጠጥም የማሰሮውን ዝቅ ያለ ማስቀመጫ ሳህን ይጠቀሙ፤ አገጯን አልፎ የማይሸፍናት ውሃ ይበቃታል።

በበጋ በረንዳው ጥሩ ነው፤ ግማሹ ጥላ፣ ዙሪያው ቀዳዳ የሌለው፣ አናቱ በሽቦ መረብ የተከደነ ይሁን እንጂ። ቁራ የጨቅላ ኤሊን ቅርፊት በቀላሉ ይሰብራል፤ አይጥም እንዲሁ። በረንዳ ግን ለጥቂት ዓመታት እንጂ ለዕድሜ ልክ አይሆንም። ያ የአትክልት ቦታ ወደፊት እውነተኛ ቤቷ ስለሚሆን፣ እንስሳ ማኖር በክላይንጋርተኑ ደንብ የተፈቀደ መሆኑን ከአሁኑ ይጠይቁ። ቦታው ባይኖርዎ ኖሮ «አይግዙ» እልዎ ነበር።

ስለ ምግብ፦ ሰላጣውም ቲማቲሙም ይቅር። ኤሊዋ የምትሻው አሰር (ፋይበር) የበዛበት፣ ፕሮቲንና ስኳር ያነሰበት የሜዳ አረም ነው። ሀገር ቤት በየመንገዱ ዳር የምናውቀው ጎርጠብ እዚህም በየሜዳው ይበቅላል፤ ማገጥም አለ፤ ሎቨንሳን የሚሉት ባለ ቢጫ አበባ አረምም በየግቢው ሞልቷል። ውሻ ከሚንሸራሸርበትና መኪና ከሚበዛበት ቦታ ርቃችሁ ከልጅዎ ጋር ልቀሙ፤ ለእርሷም ከሁሉ የሚያስደስታት ሥራ ይህ ይሆናል። ሴፒያ የሚባለውን ነጭ የባሕር እንስሳ አጥንት ደግሞ ለካልሲየም ሁልጊዜ አጠገቧ ይተዉላት። ፍራፍሬ፣ ዳቦና ፓስታ በፍጹም አይቅረቡላት። ጠዋት መብራቱ ሲበራ ከአፈሩ ብቅ ትላለች፤ ጀርባዋ ላይ አፈር እንደ ተሸከመች መብራቱ ሥር እግሮቿን ዘርግታ ትተኛለች፤ ከሞቀች በኋላ ቅጠሉን በአፏ ይዛ በፊት እግሯ እየገፋች ትቦጭቃለች። ይህን ያዩ ቀን ጉርሻ እንደማያስፈልጋት ያምናሉ።

ተጨማሪ፦ ከቨርጂኒያ፣ አሜሪካ

በአሜሪካ የምትኖሩ ይህን ስታነቡ ሁለት ነገር እንድታውቁ እወዳለሁ። እዚህ ቅርፊቱ ከ4 ኢንች ያነሰ ኤሊ ለቤት እንስሳነት መሸጥ ከ1975 ጀምሮ በፌዴራል ደንብ የተከለከለ ነው፤ ምክንያቱም ሕፃናት ጨቅላ ኤሊዎችን እያገላበጡ፣ አፋቸውም ውስጥ እየከተቱ በሳልሞኔላ ይታመሙ ስለነበር ነው። ጤነኛ የምትመስል ኤሊም ባክቴሪያውን ትሸከማለች፤ ስለዚህ ልጆች ከነኳት በኋላ ሁሌም እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ ዕቃዋም በወጥ ቤት ገንዳ አይታጠብ።

ሁለተኛው፣ በርካሽ የሚሸጠው ሱልካታ የተባለው የየብስ ኤሊ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያና ኤርትራ ባለው ደረቅ ምድር የሚኖር ነው። የአፍሪካ ሱልካታና ከላይ የተነሣው ነብርማው ኤሊ፣ ሃርትዋተር የተባለውን የከብት በሽታ የሚያስተላልፉ መዥገሮች ስለሚሸከሙ ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ በ2000 ታግደዋል፤ በገበያ ያሉት እዚሁ የተፈለፈሉ ናቸው። «የሀገራችን ኤሊ ነው» ብላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ከ45 ኪሎ በላይ ሊመዝን እንደሚችልና ጓሯችሁን በጥልቀት እንደሚቆፍር አስቡ።

ጥያቄ፦ ከኮሎኝ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የምስክር ወረቀቱን ከሚሰጥ አርቢ ጋር ተነጋግሬያለሁ። እርሱ ግን በዊንተር ፍሪጅ ውስጥ እንደማስተኛት ነገረኝ። ልጄ ይህን ሰምታ አለቀሰች፤ የኔም ልብ አልተቀበለውም። መብራቱ እየበራ ሳሎን ብናሳልፋት አይሻልም?

መልስ፦ ከፍራንክፈርት አቅራቢያ

እህቴ፣ እኔም የመጀመሪያውን ዓመት እንዲሁ አስቤ ሳሎን አሳለፍኋት። አርቢው ትክክል ነው። በባልካን ኤሊዎች ብርዱ ሲመጣ አፈር ውስጥ ይገባሉ፤ ልባቸው በጣም ቀስ ይላል፤ ያጠራቀሙትም ለወራት ይበቃቸዋል። ለዚህ የሚስማማው ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ነው። ከዜሮ በታች ከወረደ ትጎዳለች፤ ከ10 ዲግሪ በላይ ከሆነ ደግሞ ሳትበላ ስንቋን ትጨርሳለች። በአፓርታማ ውስጥ ይህን ልክ ጠብቆ የሚያቆይ ሌላ ቦታ ስለማይገኝ ነው ፍሪጅ የተመረጠው፤ ምግብ የማይቀመጥበት፣ ለእርሷ ብቻ የሆነ ትንሽ ፍሪጅ ማለቴ ነው።

በመጸው ሰገራዋን ለእንስሳት ሐኪም ወስደው ለትላትል ያስመርምሩ፤ የታመመች ኤሊ ለዊንተር እንድትተኛ አይደረግም። የመብራቱን ሰዓት ቀስ በቀስ ሲያሳጥሩ በራሷ መብላት ታቆማለች፤ በዚያን ጊዜ ለብ ባለ ውሃ እየነከሩ ያጠጧት፣ አይመግቧት። ከዚያም በእርጥብ አፈርና በቢች ዛፍ ቅጠል የተሞላ ሣጥን ውስጥ ትገባለች። ፍሪጁ አስቀድሞ ለሁለት ሳምንት ባዶውን እየሠራ በቴርሞሜትር ይፈተን፤ አየር እንዲለወጥም በየሳምንቱ በሩ ይከፈት። በየሁለት ሳምንቱ በሚዛን ይመዝኗትና ይጻፉት፤ ከክብደቷ አንድ አሥረኛውን ካጣች ትቀስቀስ።

ባለፈው ጃንዋሪ ቅጠሉን ገልጬ የፊት እግሯን በጣቴ ጫፍ ነካሁት፤ ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም፣ ከዚያም እግሩ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ተሰበሰበ። ለልጅዎ ይህን ያሳዩአት፤ ሕያው መሆኗን ከዚህ የበለጠ የሚነግራት የለም። በማርች አውጥተው፣ ቀስ በቀስ አሙቀው፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሲያስገቧት አንገቷን ዘርግታ፣ ጉሮሮዋ ከፍ ዝቅ እያለ ረጅም ጊዜ ትጠጣለች።

ፍሪጁን አሁን አይግዙ፤ እስከ ሴፕቴምበር ጊዜ አለዎት። መብራቱን ግን በኤፕሪል ገዝተው፣ ኤሊዋ ከመምጣቷ በፊት ቢያንስ አንድ ሳምንት ያብሩትና ቴርሞሜትሩን በጀርባዋ ቁመት ልክ አፈሩ ላይ አስቀምጠው ይመልከቱ። የሚያሳየውን ቁጥር እዚህ ቢጽፉልን አብረን እናስተካክለዋለን።