ቤተ ሙከራ ሳይኖር ሳይንስን በተግባር ማስተማር፦ ከመንዝ የቀረበ ጥያቄና ምላሾቹ

የመንዝ መምህርት፦
የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ በመሐል ሜዳ አካባቢ ባለ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ኬሚስትሪና ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ቤተ ሙከራ የሚል ጽሑፍ በበሩ ላይ ያለበት ክፍል አለን፤ ነገር ግን ውሃ አልገባለትም፣ ያሉት ጥቂት ኬሚካሎችም ጊዜያቸው አልፏል። በአንድ ክፍል 64 ተማሪዎች አሉኝ፣ ክፍለ ጊዜው ደግሞ 40 ደቂቃ ነው። ስለዚህ እስካሁን ሙከራውን እኔው ፊት ቆሜ አሳያለሁ፤ ከፊት የተቀመጡት ያያሉ፣ ከኋላ ያሉት ግን የሚጠበቀውን ውጤት ከመጽሐፉ ይገለብጣሉ።

ባለፈው ሳምንት አሲድና ቤዝን የሚለይ ጠቋሚ ለማዘጋጀት ቀይ ሥር ቀቀልሁ። ሎሚም ሆነ የአመድ ውሃ ብጨምርበት ቀለሙ እምብዛም አልተለወጠም፤ ደብተራቸውን ስሰበስብ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት «ቀለሙ ተለውጧል» ብለው ጽፈው አገኘኋቸው። ሙከራው አለመሳካቱ ሳይሆን ይህ ነው እጅግ ያሳዘነኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ጠንከር ያለ ቤዝ እንዲሆን በረኪና ጨምሬ ልደግመው አስቤአለሁ። በእጃችን ባለው ነገር፣ ተማሪዎቹ ራሳቸው ለክተውና አስበው ውጤት ላይ የሚደርሱባቸውን ሥራዎች የሞከራችሁ ካላችሁ ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ጡረታ የወጣ የኬሚስትሪ መምህር፣ ከአንኮበር፦
እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድሞ በረኪናውን ይተዉት። በረኪና ከሎሚ ወይም ከኮምጣጤ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል፤ 64 ልጆች በተጨናነቁበት ክፍል ውስጥ ይህ ለሳንባ አደገኛ ነው። ከዚህም ሌላ በረኪና የጠቋሚውን ቀለም ራሱን ስለሚያጠፋው፣ ልጆቹ ቀለሙ የጠፋው በቤዝነቱ ምክንያት ነው ብለው የተሳሳተ ድምዳሜ ይይዛሉ።

ቀይ ሥር ያልሠራልዎት ጥፋቱ የእርስዎ ሆኖ አይደለም። የቀይ ሥር ቀለም ከመካከለኛ አሲድ እስከ ደካማ ቤዝ ድረስ ሳይለወጥ የሚቆይ ነው። በምትኩ በየሱቁ የሚሸጠውን ካርካዴ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፈው ያጥልሉት፤ በአሲድ ደማቅ ቀይ ይሆናል፣ በቤዝ ደግሞ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። አንድ ነገር ግን ያስተውሉ፦ ካርካዴ ራሱ አሲድ ስለሆነ ውሃ አብዝተው ካላቀጠኑት ጥቂት ጠብታ የአመድ ውሃ አይለውጠውም። እኔ ይህን ጉድለት ለትምህርት እጠቀምበት ነበር። ለየቡድኑ መርፌ የሌለው አዲስ ስሪንጅ እሰጥና ቀለሙ እስኪለወጥ ድረስ ስንት ጠብታ የአመድ ውሃ እንዳስፈለገ አስቆጥራቸው ነበር፤ አንዱ ቡድን ካርካዴውን ያወፈረ፣ ሌላው ያቀጠነ ሲሆን ቁጥራቸው ይለያያል፣ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ሲከራከሩም አሲድና ቤዝ አንዱ ሌላውን ገለልተኛ ስለማድረጉ ያልነገርኳቸውን ራሳቸው ይደርሱበታል። የአመዱ ውሃ ዓይን እንዳይነካ ብቻ ይጠንቀቁ።

የፊዚክስ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን፦
የእኛ አካባቢ ተማሪ ብዙ ሌሎች የሌላቸው አንድ መሣሪያ አለው፤ እርሱም ተዳፋቱ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,280 ሜትር አካባቢ ነች። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ በደብረ ብርሃን 90 ወይም 91 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ሲፈላ፣ በሸዋ ሮቢት ወደ 96 ይጠጋል። መጽሐፉ 100 ይላል። ተማሪዎቼ መጀመሪያ ሲለኩ 91 አግኝተው 100 ብለው ጻፉ፤ የእርስዎ ተማሪዎች ቀይ ሥሩ ላይ ያደረጉት ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ደነገግሁ። አንደኛው፣ ማንም ከመለካቱ በፊት ግምቱን በእስክሪብቶ ይጽፋል፣ የጻፈውንም አይሰርዝም። ሁለተኛው፣ ነጥብ የምሰጠው ግምቱ ልክ ስለሆነ ሳይሆን በግምቱና በልኬቱ መካከል ላለው ልዩነት ለሚሰጠው ምክንያት ነው። «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» የሚል ቢመጣ ይህም መፈተን ያለበት ምክንያት ስለሆነ፣ ቴርሞሜትሩን በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ከተን ዜሮን ማሳየቱን እናረጋግጣለን፤ ክረምት ላይ በረዶ በጣለ ቀን፣ ወይም በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ማለዳ ሳፋ ላይ በረጋው ውሃ ይህን ማድረግ ይቻላል። እናቶቻቸው በመንዝ ባቄላ ለመቀቀል ስንት ማገዶ እንደሚፈጅ፣ ቆላ ያሉት ዘመዶቻቸውስ ስንት እንደሚፈጁ ጠይቀው እንዲመጡ ማድረግም መልካም ነው።

የጋዝ ሕግን ለማስተማር ደግሞ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ይበቃል። ወደ ቆላ የሚወርድ ተማሪ መንገዱ ቁልቁል ከመውረዱ በፊት በከፍታው ጣርማ በር ላይ ጠርሙሱን ከፍቶ እንደገና አጥብቆ ይዝጋው፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ጎኑ ተጨፍልቆ ያገኘዋል። ከላይ ያለው የአየር ግፊት 70 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲሆን ከታች 87 ያህል ነው። ግፊቱ አየሩን ያጠብበዋል፣ የቆላው ሙቀት ደግሞ ያሰፋዋል፤ የትኛው እንደሚያይል በቀመሩ እንዲያሰሉት ይተዉላቸው። በእኔ ስሌት ጠርሙሱ 12 ዲግሪ ካለበት ደጋ 27 ዲግሪ ወዳለበት ቆላ ቢወርድ የአየሩ ይዘት ከመጀመሪያው 85 በመቶ ገደማ ብቻ ይሆናል።

የባዮሎጂ መምህርት፣ ከሸዋ ሮቢት፦
ለኤንዛይም ትምህርት ከብቅል የተሻለ ነገር አላገኘሁም፤ በእናንተ ዘንድ ደግሞ ገብስ የሞላ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ውሃ አፍልተው ቀጭን ሙቅ ያዘጋጁ፣ ለብ ሲል በሦስት ብርጭቆ ይክፈሉት። በመጀመሪያው የተፈጨ ብቅል የተዘፈዘፈበትን ውሃ፣ በሁለተኛው ያንኑ ውሃ አፍልተውና አቀዝቅዘው፣ በሦስተኛው ንጹሕ ውሃ ይጨምሩ። በየሦስት ደቂቃው ከእያንዳንዱ አንድ ጠብታ ነጭ ሰሃን ላይ አድርገው ከመድኃኒት ቤት የተገዛ፣ በውሃ የቀጠነ ቲንክቸር አዮዲን ያንጠባጥቡበት። የብቅሉ ኤንዛይም በሙቁ ውስጥ ያለውን ስታርች ስለሚያፈርሰው የመጀመሪያው ጥቁር ሰማያዊነቱ እየደበዘዘ ሲሄድ የቀሩት ሁለቱ እንደነበሩ ይቆያሉ። እኔ በአንድ ወቅት ተቸኩዬ ትኩሱን ብርጭቆ ውስጥ አዮዲኑን ጨመርሁና የሦስቱም ቀለም ጠፋብኝ፤ ሙቀት ራሱ የስታርችንና የአዮዲንን ቀለም እንደሚያጠፋ ያወቅሁት ያኔ ነው። ስለዚህ ጠብታው ሰሃን ላይ መቀዝቀዙን ይጠብቁ።

የተማሪውን ብዛት በተመለከተ፣ ስምንት ስምንት አድርገው ቢያቧድኗቸውና ሰዓት የሚይዝ፣ የሚያንጠባጥብ፣ የሚመዘግብ ለይተው ቢመድቡ 40 ደቂቃው ይበቃል፤ ሙቁ ግን ከደወሉ በፊት መዘጋጀት አለበት።

የመንዝ መምህርት፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ በረኪናውን ትቻለሁ። ብቅሉን በዚህ ሳምንት እጀምራለሁ፣ ጌሾ ሳይገባበት ስታርቹን የሚለውጠው ብቅሉ ብቻ መሆኑን ልጆቹ ከእናቶቻቸው ጋር እንዲነጋገሩበት አደርጋለሁ። የደብረ ብርሃኑ መምህርና የሸዋ ሮቢቷ መምህርት ፈቃዳችሁ ቢሆን፣ ሦስታችንም ትምህርት ቤቶች በአንድ ቀን ውሃ አፍልተን ልኬታችንን ብንለዋወጥስ? እኛ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆንን ከሁላችሁም ያነሰ ቁጥር እንደምናገኝ እገምታለሁ፤ ግምቴንም በእስክሪብቶ ጽፌዋለሁ።

የፊዚክስ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን፦
በደስታ። ከመለካታችን በፊት ግን ሦስቱንም ቴርሞሜትሮች በሚቀልጥ በረዶ እንፈትናቸው፤ አለበለዚያ የምናወዳድረው ከፍታን ሳይሆን ቴርሞሜትሮችን ይሆናል። ሸዋ ሮቢት በረዶ ከቀዝቃዛ መጠጥ ቤት ይገኛል ብዬ አስባለሁ።

የባዮሎጂ መምህርት፣ ከሸዋ ሮቢት፦
ይገኛል። ሐሙስ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ይመቸኛል።