የውሻዬ የኤምአርአይ ውጤት ግራ አጋብቶኛል

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ቡቺ የሚባል የ9 ዓመት ቦክሰር ውሻ አለኝ። በቅርቡ ሌሊት ሌሊት ይጥለው ጀመር። መንጋጋው ይንቀጠቀጣል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ በጎኑ ተኝቶ እንደሚዋኝ በእግሮቹ ይቀዝፋል። ሲነቃ ቤቱ ይጠፋበትና ከግድግዳ ጋር ይጋጫል። የደም ምርመራው ምንም አላሳየም። ፌኖባርቢታል (የሚጥል በሽታ መድኃኒት) ሲጀምር ጋብ አለለት እንጂ አልተወውም።

ከዚያ ኤምአርአይ ተነሳ፤ ያውም በሙሉ ማደንዘዣ (ውሻ አትንቀሳቀስ ቢሉት መች ይሰማል!)። በግራ በኩል፣ የፊተኛው አንጎሉ ውስጥ እብጠት ታየ። ጋዶሊኒየም (ምስሉን የሚያጎላ ንጥረ ነገር) ሲወጋ ዳር ዳሩ እንደ ቀለበት ደመቀ። ቦክሰር ላይ ግሊዮማ (የአንጎል ዕጢ ዓይነት) ስለሚበዛ የነርቭ ሐኪሟ የጠረጠረችው እሱን ነው። ግን ስትሮክ ወይም ኢንፌክሽንም በምስል ሊመስለው እንደሚችል፣ ቁርጡ የሚታወቀው በባዮፕሲ (ከእብጠቱ ናሙና ተወስዶ ሲመረመር) እንደሆነ ነገረችኝ። የጭንቅላቱ ውስጥ ግፊት ስላሰጋት የአከርካሪ ፈሳሽ አልወሰደችም።

ባዮፕሲው የራስ ቅሉ ተበስቶ ስለሚወሰድ፣ በዚህ ዕድሜው እውነቱን ለመናገር ፈራሁ። የጨረር ሕክምናው ደግሞ ያለ ባዮፕሲም ሊጀመር ይችላል ተብያለሁ።

በዚህ ያለፋችሁ ወይም የእንስሳት ሐኪም የሆናችሁ፦ ምስሉን ብቻ አምኜ ጨረሩን ላስጀምረው ወይስ ባዮፕሲውን ላስቀድም?